ድሩን የሚያጠነክረው ዱቄት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከጅቡቲ በባቡርም በመኪናም ድሬ ዳዋ ከሚደርሰው ሸቀጥ መካከል ስታርች ያልነካውን ለይቶ ማውጣት ቀላል አይደለም። ካቻፕና ማዮኔዝ ውስጥ አለ፤ ከረሜላ፣ ክኒን፣ ካርቶንና የሴራሚክ ማጣበቂያ ውስጥም አለ። ከዚራ ሠፈር ካሉት ሱቆች ባንዱ የካቻፕ ጠርሙስ አንስቶ ጀርባውን ያነበበ ሰው «የተሻሻለ ስታርች» የሚል ጽሑፍ ወይም «ኢ 1422» የመሰለ ቁጥር ያገኛል። ከዚያች ቁጥር ተነስቶ ብዙ ይወራል፦ ዘሩ የተለወጠ እህል ነው፣ በረኪና የገባበት ነው፣ ለጾም አይሆንም፣ ሐራም ነው፣ ፕላስቲክ ነው።

ወሬውን ንቆ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው በማያስፈራው ነገር ሲሸበር፣ ሊያሳስበው የሚገባው ነገር ሳያየው ያልፋል። በስታርች ጉዳይ የምናየውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንወቀው። ስታርች ተክል በፍሬው፣ በሥሩ ወይም በግንዱ የሚያከማቸው ምግብ ሲሆን፣ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለው አሚሎዝ፣ ቅርንጫፍ የበዛበት አሚሎፔክቲን ይባላል። በብዙዎቹ እህሎች አሚሎዙ ሩብ ያህል ይሆናል። ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም፤ ከታች ይዘቅጣል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ውሃውም ይወፍራል። አጥሚትና የቡላ ገንፎ የሚሆኑት እንዲህ ነው። ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ መልሰው ይሰለፉና የያዙትን ውሃ ያስለቅቃሉ። የትናንት እንጀራ የሚደርቀው፣ ያደረ አጥሚት ላይም ውሃ የሚያቀርረው በዋናነት በዚህ የተነሳ ነው። እቤት ውስጥ ይህ ችግር የለውም፤ እንደገና ይሞቃል ወይም ፍርፍር ይሆናል። ወራት መደርደሪያ ላይ ለሚቆም ምግብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ የሽመና መኪና ግን አይሆንም። ስታርችን በኬሚካል ማሻሻል ማለት በሰንሰለቱ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ቦታዎችን ነክቶ ይህን ጠባዩን መግራት ነው።

«ስታርች የወጥ ቤት ነገር ነው፤ ፋብሪካ ምን ያደርግለታል?»

ተረት ነው። ለዚህ ደግሞ ከድሬ ዳዋ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የጥጥ ጨርቅ የሚሸመንበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ስታርች የሚፈለግበት ቦታ ነው።

ምክንያቱ ድሩ ነው። ማጉ በመካከሉ ሲመላለስ፣ ድሩ ተወጥሮ ከብረቱም እርስ በርሱም ሺህ ጊዜ ይፋተጋል። ያልተዘጋጀ የጥጥ ክር በዚህ መሐል ይሻክራል፣ ይላላል፣ ይበጠሳል። አንድ ክር በተበጠሰ ቁጥር መኪናው ይቆማል፣ ሠራተኛ መጥቶ ይቀጥላል፣ ምርት ይስተጓጎላል። ስለዚህ ድሩ ወደ ሽመና ከመግባቱ በፊት በሙቅ የስታርች ገንዳ ውስጥ ያልፍና ይደርቃል። ስታርቹ የክሩን ፀጉር አስተኝቶ ላዩ ላይ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። የሸሚዝ አንገትጌ በአሚዶ ሲተኮስ የሚሆነው በትልቁ ሲሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ተራው የበቆሎ ስታርች ለምን አይበቃም? በጣም ይወፍራል፤ ክሩ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ይቀራል። ገንዳው ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲደርቅም ተሰባብሮ ይረግፋል። መፍትሔው ስታርቹን ከማብሰያው ሙቀት በታች፣ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ በቀጭን አሲድ ማቆየት ነው። ቅንጣቱ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደነበረ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሰንሰለቶች ግን ተቆራርጠዋል። እንዲህ ያለው ስታርች ሲፈላ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል። ሌላው መንገድ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ኦክሳይድ ማድረግ ነው። ጨርቁ ላይ አበባ ማተም ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከጥጥ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰረው ቀለም ካልተሻሻለ ስታርች ጋርም ይተሳሰራል፤ ቀለሙ ባክኖ ጨርቁም ደርቆ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ካርቦክሲሜቲል የተባለ ተቀጽላ በብዛት የተሰካበት ስታርች ቀለሙን እየገፋ ለጨርቁ ይተውለታል። በጨርቅ ሥራ ብቻ እንኳ ለሁለት ሥራ ሦስት ዓይነት ስታርች አለ።

ድሬ ዳዋ በዚያው በጣሊያን ዘመን የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማም ናት። ሲሚንቶው ራሱ ስታርች አይፈልግም። በሲሚንቶ የሚሠራው የሴራሚክ ማጣበቂያ ላይ ግን ጥቂት ሃይድሮክሲፕሮፒል ስታርች ይጨመርበታል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሴራሚክ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ወደታች እንዳይንሸራተት የሚይዘው አንዱ እሱ ነው። የጂፕሰም ሰሌዳ ወረቀቱን ከጂፕሰሙ ጋር የሚያያይዘውም ስታርች ነው።

ካርቶን ከሁሉም ይደንቀኛል። ከመሐሉ ያለው ሞገድ ወረቀት ከግራና ከቀኙ የሚጣበቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በወጣውና ስታይን ሆል በሚባለው ዘዴ ነው። ከስታርቹ ትንሹ ክፍል በኮስቲክ ሶዳ ይበስላል፤ የቀረው ጥሬውን በበሰለው ውስጥ ይበተናል፤ ቦራክስም ይጨመራል። ወረቀቱ በጋለው ብረት ላይ ሲያልፍ ጥሬው ስታርች በቅጽበት እዚያው መገናኛው ላይ ይበስላል፣ ይይዛል። ድሬ ዳዋ በየቀኑ የሚራገፈው ካርቶን ሁሉ ማለት ይቻላል በስታርች የቆመ ነው።

«የተሻሻለ ስታርች ማለት ልውጠ ሕያው ማለት ነው»

አይደለም። ልውጠ ሕያው የሚባለው የተክሉ ዘረ መል ሲነካ ነው። ስታርች የሚሻሻለው ከእህሉ ከወጣ በኋላ፣ በገንዳ ውስጥ ነው፤ ዘረ መል የሚባል ነገር በሥራው ውስጥ የለም። የተሠራበት በቆሎ ራሱ ልውጠ ሕያው ሊሆን ላይሆንም ይችላል፤ ያ ግን የበቆሎው ጥያቄ ነው። መለያው ላይ ያለው «የተሻሻለ» የሚለው ቃል ስለዚያ ምንም አይናገርም።

«አሲድና በረኪና ያየ ነገር እንዴት ይበላል?»

ይህ ጥያቄ በቁም ነገር መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ስታርችን ኦክሳይድ ለማድረግ የሚጠቅመው ሃይፖክሎራይት በረኪና ውስጥ ያለው ያው ነው። አሲድም፣ ኮስቲክ ሶዳም፣ አንዳንድ ብቻቸውን ቢነኩ የሚጎዱ ኬሚካሎችም በሥራው ይገባሉ። የሚዘነጋው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሃይፖክሎራይቱ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ተራ ጨው ይቀየራል፤ አሲዱ በሶዳ ይመክናል፤ ስታርቹም በውሃ እየታጠበ፣ እየተጣራ ይደርቃል። የሚቀረው ሰንሰለቱ ላይ የተሰካችው ትንሽ ተቀጽላ ናት።

ምን ያህል ትንሽ? ኢ 1422ን እንውሰድ። ሁለት ነገር ተደርጎበታል፤ አሴታይል የሚባል ተቀጽላ ተሰክቶበታል፣ በአዲፒክ አሲድም ሰንሰለቶቹ እዚህም እዚያም እርስ በርስ ታስረዋል። አሴታይሉ ውሃ እንዳያስለቅቅ ያደርገዋል፤ እስሩ ደግሞ በካቻፑ ኮምጣጤና በፋብሪካው እሳት እንዳይፈርስ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለምግብ በሚሆነው ላይ አሴታይሉ ከክብደቱ በመቶ 2.5፣ አዲፔቱ ደግሞ በመቶ 0.135 እንዳያልፍ ይገድባል። በፕሮፒሊን ኦክሳይድ በሚሠሩት ዓይነቶች ላይ ሊቀር የሚችለው ክሎሮሃይድሪን የተባለ ትራፊም በኪሎ 1 ሚሊግራም ጣሪያ አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 አሥራ ሁለት የተሻሻሉ ስታርቾችን እንደገና መርምሮ፣ በምግብ ውስጥ ባሉበት መጠን የጤና ሥጋት እንዳላየባቸው፣ የዕለት ገደብ በቁጥር ማስቀመጥም እንደማያስፈልግ ገልጿል። ለጨቅላ ሕፃናት ምግብ ግን ለብቻው ጠበቅ ያለ ደንብ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለምግብ የተሠራውና ለፋብሪካ የተሠራው ስታርች ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው። ለካርቶን ወይም ለድር የተሠራው ግን እንደ ምግቡ አይታጠብም፣ ትራፊው አይለካም፣ ገደቡም አይመለከተውም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚሆነውን ታይዋን አይታለች፤ የእኛን የታይዋን ገበያ ሳይሆን ደሴቲቱን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለምግብ ባልተፈቀደው በማሌይክ አንሃይድራይድ የተሻሻለ ስታርች በኑድልና በታፒዮካ ኳሶች ውስጥ ተገኝቶ ብዙ ምርት ከገበያ ተሰበሰበ። እዚያ ያጠፋው ስታርችን የማሻሻል ሙያ አይደለም። ያጠፉት የማይበላውን ለሚበላ የሸጡ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ «ኢ 1422» ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ ከመፍራት ይልቅ ምንም ያልተጻፈበትን መፍራት ይሻላል። ከጆንያ ተፈትቶ በኪሎ የሚሸጥ፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተሠራ የማይታወቅ ነጭ ዱቄት ለልጅ አጥሚት አይገዛም። የቁስል አዮዲን ጠብ አድርጎ መሞከርም እዚህ ላይ አያድንም። አዮዲን ሰማያዊ ሲሆን ስታርች መኖሩን ይነግረናል፤ ስታርቹ የወጥ ቤት ይሁን የካርቶን ፋብሪካ ግን አይለይም። ወተት ወይም እርጎ በዱቄት መወፈሩን ለማወቅ ከሆነ ጥሩ ምርመራ ነው።

«ለጾም አይሆንም፤ ሐራምም ነው»

ድሬ ዳዋ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በአንድ ሠፈር ይኖራሉና ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን መስማት የተለመደ ነው። ፍርዱ የአባቶችና የሼኾች ነው፤ እዚህ ላይ መናገር የሚቻለው ስለ ምንጩ ነው። ስታርች ሁልጊዜ ከተክል ነው የሚገኘው፦ ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከድንች፣ ከካሳቫ፣ ከእንሰት። የሚሰኩበት ተቀጽላዎችም የእንስሳ ስብ አይደሉም፤ ከኬሚካል ኢንዱስትሪ የሚመጡ ናቸው። ሰዎች ከስታርች ጋር የሚያምታቱት ጄላቲንን ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ ሲታኘክ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ከረሜላ ብዙ ጊዜ በእሱ የረጋ ነው። በአሲድ የቀጠነ ስታርች ጄላቲንን ተክቶ ከረሜላ ማርጋት ይችላል፤ ስለዚህ መለያው ላይ የሚፈለገው ስም ጄላቲን ነው። ማዮኔዝም ጾም ያልሆነው በስታርቹ አይደለም፤ እንቁላል ስላለበት ነው።

«ክኒኑ ውሃ ውስጥ ከፈረሰ ውሸት ነው»

ይህ ተረት በጤና ላይ የሚመጣ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ያሳስበኛል። ክኒን ውስጥ ያለው ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ዱቄቱን የሚያያይዝ፣ ሆድ ሲገባም የሚያፈርሰው ነገር ያስፈልገዋል፤ ሁለቱንም ሥራ ስታርች ከጥንት ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። ዛሬ በብዙ ክኒኖች የማፍረሱን ሥራ የሚሠራው ሶዲየም ስታርች ግላይኮሌት ነው። ቅድም ለጨርቅ ህትመት ካነሳነው ካርቦክሲሜቲል ስታርች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ልዩነቱ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ መታሰራቸው ነው። ውሃ ሲነካው ሳይሟሟ በብዙ እጥፍ ያብጥና ክኒኑን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ያልተለበጠ ተራ ክኒን በ15 ደቂቃ ውስጥ መፍረስ እንዳለበት የመድኃኒት መጻሕፍት ይደነግጋሉ። ስለዚህ ክኒን ውሃ ውስጥ መፍረሱ የተሠራበት ዓላማ ነው፤ ቶሎ መፍረሱ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ጥርጣሬ ካለ መድኃኒቱን ወደ ፋርማሲስት ይዞ መሄድ ነው እንጂ በብርጭቆ ውሃ ፈርዶ ማቋረጥ አይገባም።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰዎች የሠሩት ሊነገርላቸው ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ምሁር ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር የእንሰትን ስታርች አውጥተውና ጠባዩን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳትመዋል። ከእንሰት የሚወጣው ያው የቡላችን ስታርች ለክኒን ማያያዣነትና ማፍረሻነት እንደሚበቃ ካሳዩት ተመራማሪዎች ግንባር ቀደሙ እሳቸው ናቸው። ከድሬ ዳዋ ዳገቱን ወጥተን ደንገጎን ስናልፍ በምናገኘው፣ ያኔ አለማያ ዛሬ ሐረማያ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ገረመው ቡልቶሳ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር የጤፍን ስታርች መረመሩ። የጤፍ ቅንጣት ስፋቱ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የድንች እስከ 100 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ደቃቅ ቅንጣት በምግብ ውስጥ የስብን ልስላሴ ለመተካት ይታሰባል። በእኔ አስተያየት ጤፍ አሁን ባለበት ዋጋ ወደ ስታርች ፋብሪካ የሚገባ እህል አይደለም፤ እንሰትና ካሳቫ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው።

«ከስታርች የተሠራ ፌስታል ሜዳ ላይ ቢጣል ይጠፋል»

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ይህ አባባል መበርታቱ አይቀርም። ሁለት ዓይነት አለ። ስታርች ከተራ ፕላስቲክ ጋር የተደባለቀበት ፌስታል ሲጣል ስታርቹ በተህዋስያን ይበላል፤ ፕላስቲኩ ግን ደቅቆ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ለመልቀምም አይመችም። ስታርች ከሚበሰብስ ፖሊመር ጋር የተዋሃደበት ደግሞ በእርግጥ ይበሰብሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሙቀትና እርጥበት ተጠብቆ በሚሠራ የማዳበሪያ ጣቢያ ነው። በድሬ ዳዋ ደረቅ አሸዋ ላይ ያ ሁኔታ የለም። የተጣለውን ከመበስበሱ በፊት ፍየል ታገኘዋለች።

«ስታርች ተፈጥሯዊ ነው፤ ከፋብሪካ ቢፈስ ምን ይጎዳል?»

ስለ ኢ ቁጥር የሚጨነቅ ሰው ይህን ሲጠይቅ ብሰማ ደስ ባለኝ። ድሩን ያጠነከረው ስታርች ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ቀለም አይገባም። በኢንዛይም ተፈትቶ በውሃ ይታጠባል፤ ያ ውሃ ወደ ውጭ ይሄዳል። በጥጥ ጨርቅ ሥራ ከሚወጣው ፍሳሽ፣ ኦክስጅን የሚበላው ሸክም ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ደረጃ ነው። ስታርቹ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ጥሩ ምግብ ስለሆነ ነው። ውሃ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ተሻምተው ይመገቡታል፣ ሲመገቡም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ይሸታል፣ በውስጡ ያለው ሕይወት ይሞታል። ተቀጽላ የበዛበት ስታርች ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ ጉዞው ይረዝማል።

ሙሉ ዓመት የሚፈስ ወንዝ ያለው ከተማ ይህን ሸክም በመጠኑም ቢሆን ያቀጥነዋል። ድሬ ዳዋ ያ ዕድል የላትም። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ያስፈራል፤ የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ የከተማዋ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ውጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ደግሞ እንደ ሳቢያን ካሉት ቦታዎች ከሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አሸዋ ላይ የተለቀቀ ፍሳሽ ወደ ታች መስረጉ አይቀርም። ይህን የምለው ስታርችን ለመኮነን አይደለም። በምትኩ የሚገባው ፖሊቪኒል አልኮሆል የተባለው ሰው ሠራሽ ማጠንከሪያ ኦክስጅን ባይበላም ለመበስበስ አስቸጋሪ ነው። የስታርች ፍሳሽ በአግባቡ ከተያዘ አየር በሌለበት ገንዳ ባዮጋዝ ይሆናል።

«ኬሚስትሪው ስለሚከብድ ከውጭ ማምጣት ግድ ነው»

ኬሚስትሪው አይከብድም። ሩሲያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኪርሾፍ እ.ኤ.አ. በ1811 ስታርችን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ ጣፋጭ አድርጎታል። ኦክሳይድ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሚማሰል ገንዳ፣ የአሲድነት መለኪያ፣ ሃይፖክሎራይት፣ ማጣሪያና ማድረቂያ ነው፤ ማንኛውም የኬሚካል መሐንዲስ ሊያቆመው ይችላል። የሚከብደው ሌላው ነው። አንድ ቶን ስታርች ለማግኘት አራት አምስት ቶን የካሳቫ ሥር ያስፈልጋል፤ ሥሩም ከተቆፈረ በኋላ በቀናት ውስጥ ይበላሻልና ፋብሪካው እርሻው አጠገብ መሆን አለበት። በቆሎ ቢሆን አንድ ተኩል ቶን ይበቃል፤ ግን በቆሎ የብዙ ሰው ዕለታዊ ምግብ ነው። ማጠቢያው ብዙ ውሃ፣ ማድረቂያው ብዙ ኃይል ይፈልጋል።

እንግዲህ ጥሬውን ስታርች እንሰትና ካሳቫ በሚበቅሉበት በደቡብ አውጥቶ አድርቆ፣ የማሻሻሉን ሥራ ኬሚካሉ በባቡር በሚገባበትና ጨርቁ፣ ካርቶኑ፣ ማጣበቂያው ገበያ ባለበት በድሬ ዳዋ ማድረግ ይቻላል። ደረቅ ስታርች ርቀት አይፈራም። ከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ነፃ የንግድ ቀጠና አላት። ይህን የሚያስብ ባለሀብት እቅዱን ይዞ ሲመጣ፣ ከገንዳውና ከማድረቂያው ዋጋ በፊት መታየት ያለበት ወረቀት የማጠቢያው ውሃ ከየት እንደሚቀዳና ታጥቦበት ሲወጣ የት እንደሚገባ የሚያሳየው ነው።